የአባቶቻችን መንጃ ፈቃድ የዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) ጉዳይ ብቻ አይደለም

ኢሊኖይ በአሜሪካ ብቻዋን ይዛው የቆየችውን ሕግ ላላ አድርጋዋለች። እዚያ 79 ዓመት የሞላው ሰው መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ፈታኝ አጠገቡ አስቀምጦ መንዳት ነበረበት። ዕድሜን ብቻ ቆጥሮ የመንገድ ላይ ፈተና የሚያስገድድ ሌላ ግዛት የለም። ኒው ሃምፕሻየር እንዲህ ያለ ሕግ ነበራት፤ በ2011 ሰረዘችው። በ2025 የጸደቀው የኢሊኖይ ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፈተናውን ዕድሜ ወደ 87 ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በታች ያሉት አዛውንቶች በአካል ቀርበው ዓይናቸውን መታየት ግን አይቀርላቸውም።

እኔ ለውጡን እደግፋለሁ። የበለጠ የወደድኩት ግን ብዙም ያልተወራለትን ሌላውን ክፍሉን ነው፤ የቅርብ ቤተሰብ «የአባታችን አነዳድ አሳስቦናል» ብሎ ለመንግሥት ማመልከት እንዲችል ይፈቅዳል።

ይኼ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ከ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በኋላ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ከመጡት ሐበሾች ብዙዎቹ ኑሯቸውን የመሠረቱት መሪ ጨብጠው ነው። ታክሲ ነድተው ልጅ አስተምረዋል፣ ቤት ገዝተዋል፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ረድተዋል። ዛሬ ሰባዎቹን የተሻገሩ ናቸው። «ሠላሳ ዓመት ስነዳ ዝንብ አልነካሁም» ለሚል ሰው፣ እስቲ ዓይንዎን ይታዩ ማለት ራሱ ድፍረት ነው።

ሕጉ በሚኖሩበት ቦታ ይለያያል። ቨርጂንያ ውስጥ 75 የሞላው ሰው ፈቃዱን የሚያሳድሰው በአካል ቀርቦ፣ ዓይኑን ታይቶ ነው። የሚሰጠውም ለአምስት ዓመት ነው፤ ሌላው ሰው ስምንት ዓመት ያገኛል። ሜሪላንድ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየእድሳቱ የዓይን ምርመራ ትጠይቃለች። ዲሲ ውስጥ 70 የሞላው ሰው ሐኪም የፈረመበት ቅጽ ይዞ ይቀርባል።

አደጋ የለም እያልኩ አይደለም። በጁላይ 2003 ሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ፣ የ86 ዓመት አዛውንት ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ ረግጠው ገበያ መሃል ገቡ። 10 ሰው ሞተ። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ «ከዚህ ዕድሜ በላይ ማን ንዱ አላቸው?» ማለት ይቀናል። በተነዳው ማይል ልክ ሲሰላም ሞት ያለበት አደጋ ከሰባዎቹ አንስቶ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከ85 በላይ ይብሳል። ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት ራሳቸው አዛውንቶቹና አብረዋቸው የተሳፈሩት ናቸው። አጥንታቸው አይችልም። ወጣት ተጎድቶ በሚድንበት አደጋ እነሱ ይሞታሉ።

ታዲያ ዕድሜ ቆጥሮ ሁሉንም መፈተን መፍትሔ ይሆናል? ተሞክሯል። በ1996 የታተመ ጥናት አዛውንቶችን በሐኪም የምታስመረምረውን ፊንላንድንና የማታስመረምረውን ስዊድንን አነጻጽሮ ነበር። በመኪና አደጋ በኩል ፊንላንድ የተሻለ ነገር አላሳየችም። በእግራቸው ሲሄዱ የሚሞቱት አዛውንቶች ግን ስዊድን ውስጥ ካሉት በዝተው ተገኙ። ዴንማርክም የማስታወስና የማገናዘብ ፈተና አስገብታ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ተመሳሳይ ውጤት አሳየ፤ በ2017 የዕድሜውን የሐኪም ምርመራ አስቀረችው። ለምን እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም። መኪናውን የተነጠቀ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። ከዘራውን ይዞ መንገድ ያቋርጣል፣ በጨለማ አውቶቡስ ይጠብቃል።

የማውቃቸው አንድ ጋሼ ወደ ግራ አይታጠፉም። ግራ መሄድ ካለባቸው ብሎኩን ዞረው ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ልጆቻቸው ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ብልህነት ነው እላለሁ፤ አዛውንቶች ከሚቸገሩባቸው ነገሮች ዋናው ከፊት የሚመጣውን መኪና ፍጥነት ገምቶ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ማታም አይነዱም፤ የፊት ለፊት መብራት ይበትንብኛል ይላሉ። ራሳቸውን ያውቃሉ ማለት ነው። አሁን አሁን ግን የመኪናቸው የቀኝ በር ላይ የጋራዡ ግድግዳ ነጭ ቀለም ተለጥፎ ይታያል። አንዴ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከፊት ለፊቱ በር እስከ ኋለኛው ተደራርቦ ተለጥፏል። መታየት ያለበት ይኼ ነው፤ የልደት ቀን አይደለም። እንዲህ ያለውን ደግሞ አምስት ዓመት ጠብቆ የሚያያቸው የዲኤምቪ ሠራተኛ አያውቀውም። የሚያውቀው ልጅ ነው።

ልጅ ደግሞ አይናገርም። በእኛ ቤት አባትን «ከእንግዲህ አይንዱ» የሚል ልጅ ማን ነው? እናት ልጇን ትልካለች፣ ልጅ ወንድሙን ይጠብቃል፣ ወንድም ስልክ አያነሳም። እንዲህ ሲባል ዓመት ያልፋል። ቨርጂንያ ለዚህ በር ከፍታለች፤ ዘመድ አነዳዱ ይታይ ብሎ ማመልከት ይችላል፣ ማን እንዳመለከተም ዲኤምቪ ለሾፌሩ አይነግርም። ይኼን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። እንደኔ ግን ከማመልከቻው በፊት የቤት ሐኪም አለ። «ዶክተሩ የዓይን ሞራ አለብዎት፣ ይገፈፍ ብሎዎታል» ሲባል የማይቀየም አባት የልጁን «አይንዱ» ይቀየማል። ሞራው ሲገፈፍ ደግሞ ስንቱ መልሶ ደህና ይነዳል! ሐኪም የማይሰሙ ከሆነ የንስሐ አባት አለ። ቁልፍ ከመቀማት በፊት መድኃኒታቸውንም ማየት ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ጠዋት ውጦ መሪ የሚይዝ ሰው ችግሩ ዕድሜው አይደለም።

የምር መንዳት ማቆም ያለባቸውስ? እዚህ ላይ ነው ሕጉም እኛም የምንሰንፈው። የሐበሻ አባት መኪናውን ሲያጣ የሚያጣው ገበያ መሄድን ብቻ አይደለም። እሁድ ቅዳሴ አለ። ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የእድር ስብሰባ አለ። አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉት ርካሽ ቦታ ፍለጋ ነው፤ ባቡር አጠገባቸው አይደርስም። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራይድ ኦን አውቶቡሶቹን ከ2025 ጀምሮ ለሁሉም ነጻ አድርጓል፤ ደግ አድርጓል። እሁድ ማለዳ ለኪዳን የሚያደርስ ግን ጥቂት ነው። ኡበር ልጥራልዎት ቢባሉ ደግሞ «ታክሲ ነድቼ ያሳደግኩት ልጅ በታክሲ ይልከኛል?» ይላሉ፤ ስቆ ማለፍ ነው።

እድሮቻችን አስከሬን አገር ቤት እስከ መላክ የሚደርስ ገንዘብ ያዋጣሉ። በሕይወት ያለን አባል ለቅሶ ቤት ማድረስ ከዚያ አይከብድም። በየሰፈሩ ማን መንዳት እንዳቆመ፣ ማን በዚያ መንገድ እንደሚያልፍ የሚመዘግብ አንድ ሰው ይመደብ። ሚኒባስ ያለው ቤተ ክርስቲያን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ከሚያቆመው እሁድ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን ይዙርበት። የነዳጁን ወጪ እድሩ ይሸፍን። የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አጀንዳ ይያዝለት፤ ከምግብ በፊት፣ ሰው ሳይበተን።