አንድ ከፋይ፣ አሥራ ሁለት መካሪ

በአዲስ አበባ አንድ ሰው ሚኒባስ ሊገዛ ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ዘመዱ በሙሉ በአንድ ሌሊት መካኒክ ሆኖ ያድራል። ሰውየው ሚስት ሲያጭ «አንተን ደስ ካለህ» ብሎ ያለፈ ሁሉ፣ ሞተር ያለው ነገር ሲመጣ ግን ዝም የሚልበት አንጀት የለውም። የእህቴ ባል የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን በኮንትራት ለማመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ሊገዛ መሆኑ በእሑድ ምሳ ላይ ከአፉ አምልጦት ወጣ። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አጎታችን ሆኑ። አጎታችን ዕድሜያቸውን በሙሉ በመዝገብ ቤት ያሳለፉ፣ መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ከሹፌር ጎን ለብዙ ዘመን ስለተቀመጡ በቴክኒክ ጉዳይ የሚቃወማቸው የለም።

የመጀመሪያው አጀንዳ ደላላው በስልክ የላከው መግለጫ ነበር። «ቶዮታ ሃይስ፣ እ.ኤ.አ. የ2006 ሥሪት፣ ዲፎርዲ የናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ፣ ማንዋል ባለ አምስት ማርሽ፣ ሞተሩ ያልተከፈተ፣ ከከተማ ያልወጣ። ባለቤቱ ሐኪም ናቸው፤ አስቸኳይ የውጭ ጉዞ ስለገጠማቸው ነው።» በዚህ ከተማ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ሁሉ ወይ ሐኪም ነው፣ ወይ ወደ ካናዳ ሊሄድ ነው፣ ወይም ሁለቱንም ነው። ሐኪሞቻችን አሥራ ሁለት መቀመጫ ይዘው ማንን ሲያክሙ እንደኖሩ ግን እስካሁን ጠያቂ አልተገኘም።

«ቱርቦ» የሚለው ቃል ሲነበብ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አክስታችን ደነገጡ። «ቱርቦ ማለት ያ ተሳቢ የሚጎትተው አይደለም እንዴ? ልጄ፣ ሰው ነው የምታመላልሰው ወይስ ሲሚንቶ?» አጎታችን ግን ወንበራቸውን አስተካክለው ማብራሪያ ሰጡ። እንደ እርሳቸው አባባል ቱርቦ ማለት ሞተሩ ውስጥ ያለ ሌላ ትንሽ ሞተር ሲሆን፣ ትልቁ ሲደክመው ይነሣና ያግዘዋል።

እውነቱ ከዚህም የሚያስቅ ነው። ቱርቦ በጭስ ማውጫው በኩል የሚባክነውን ጭስ ይዞ ትንሽ የብረት መዘውር ያሽከረክርበታል፤ ያቺ መዘውር በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ እየተሽከረከረች፣ በአንድ ዘንግ ከተያያዘች መንትያዋ ጋር ንጹሕ አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አልፍሬድ ቡኺ የተባለው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ሰውየው አዲስ አበባን ያስብ ነበር ለማለት አልችልም፤ የሠራው ሥራ ግን ለእኛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስንኖር አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ሞልቶ የተጫነ ሚኒባስ ይዞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ተሳፋሪው በሐሳቡ እየገፋ ካላገዘው የሚደርስ አይመስልም። ስለዚህ ቱርቦው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ የአክስታችን።

ማርሹን በተመለከተ የእህቴ ባል ቀስ ብሎ፣ ከሳሪስ መገናኛ ድረስ ባለው መጨናነቅ ፍሪሲዮን ሲረግጡ መዋል የግራ እግር እንደሚፈጅ ጠቆም አደረገ፤ አውቶማቲክ ቢሆንስ አለ። ሊያስተዛዝነው የሞከረ ግን አልነበረም። «የዓባይ በረሃን በአውቶማቲክ ልትወርድ ነው?» አሉ አጎታችን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ካልያዙት ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። ይህ ትክክል ነው። የእህቴ ባል ዓባይን የመሻገር ሐሳብ እንደሌለው መናገሩም ትክክል ነበር፤ የሰማው ግን የለም። ክርክሩን የዘጋው ሌላ ነጥብ ነው፦ ማንዋል መኪና ባትሪው ሲሞት ተገፍቶ ይነሣል። አውቶማቲክ ባትሪው ከሞተ ሰፈር ሙሉ ጎረምሳ ቢሰበሰብም ምን ይሠራል? ማንዋል የሚገዛ ሰው ጎረቤት ሊኖረው ይገባል፤ ጎረቤት ያለው ሰው ደግሞ ባትሪ ለመቀየር አይቸኩልም።

አሮጌ ብረት ለምን እንዲህ ተወደደ የሚል ቢኖር መልሱ መኪናው ዘንድ አይገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚህ በኋላ ቀድሞ የገባ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ማዕረግ አገኘ። ሰው በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ሚኒባስ ግን በ20 ዓመቱ ዋጋ ይጨምራል። ሻጩ ከዓመታት በፊት ከገዛበት በሦስት እጥፍ እየሸጠ «በኪሳራ ነው የምለቀው» ሲል ፊቱ ላይ የሚታየው ሐዘን ደግሞ የእውነት ነው። አገሩን የሚለቅ ሰው እንኳን እንዲህ አያዝንም።

ኮሚቴው ለምርመራ የሄደው በማለዳ ነው። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፣ ሁላችንም ጃኬት ደርበናል። ይዘነው የሄድነው መካኒክ ምንም ሳይናገር እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

«ሞተሩ ለምን ሞቀ?»

«ፀሐይ ነው» አለ ደላላው።

ሁላችንም ሰማዩን አየን። ፀሐይዋ የት እንዳለች የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነበር። ሞተር ብርድ ላይ ሲነሣ የሚያሳየውን ጭስና የሚያሰማውን ማንኳኳት ገዢ እንዳያይ አስቀድሞ ማሞቅ የቆየ ዘዴ ነው። መካኒኩ ይህን ያውቃል፤ ደላላው መካኒኩ እንደሚያውቅ ያውቃል፤ አጎታችን ግን «ማለዳ የሚሞቅ ሞተር ጤነኛ ነው» ብለው ለሻጩ ወገን ነጥብ አስቆጠሩ።

ቀጥሎ ኮንታ ኪሎሜትሩ ታየ። 98 ሺህ ይላል። በዓመት አምስት ሺህ ገደማ መሆኑ ነው፤ ሐኪሙ መኪናቸውን የሚነዱት ለበዓል ብቻ ነበር ማለት ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ግን ሌላ ታሪክ ያወራል። ጎማው ተልጦ አልቋል፣ ብረቱ በሰው ጫማ ተፍቆ ያብረቀርቃል፣ የማርሹ እጀታ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ከአምስተኛው በቀር ጠፍተዋል። አምስተኛው ንጹሕ ነው። ከከተማ አልወጣም ያለው ደላላ ቢያንስ በዚህ አልዋሸም፤ በከተማችን አምስተኛ ማርሽ የሚያስገባ ማን አለ?

መካኒኩ ወደ ቱርቦው አጎነበሰ። የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ማሰሪያ በጠመንጃ መፍቻ ፈታ፣ ሁለት ጣቱን አስገብቶ የትንሿን መዘውር ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ። ከሚገባው በላይ ይወዛወዛል። ጣቱን ሲያወጣ ጥቁር ዘይት ይዞ ወጣ፤ ሁላችንም እንድናየው ከፍ አደረገው።

«ላብ ነው» አለ ደላላው።

«የሚሠራ ሰው ያልበዋል» አሉ አጎታችን።

ለሙከራ ስንወጣ ሁሉም ተሳፈረ፤ አክስታችን ሳይቀሩ። ዳገቱ ሥር ሹፌሩ ነዳጁን ረገጠ። ምንም የለም። አሁንም ረገጠ፤ መኪናው ማመልከቻ አስገብቶ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለ። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ቱርቦ ጭሱ እስኪበረታ ድረስ አይነሣም፤ መዘግየት ጠባዩ ነው። ይህን ለኮሚቴው ለማስረዳት አፌን ስከፍት ቱርቦው ነቃ። ወንበር ከነሰው ወደ ኋላ ሄደ፣ አክስታችን የሚያውቋቸውን ታቦታት በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ጠሩ፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ በጥቁር ጭስ ውስጥ ጠፋች። ጭሱ ሲገፈፍ ሴትዮዋ እዚያው ነበረች፤ የምትሰድበን መሆኑ ከከንፈሯ ይታይ ነበር።

«ጉልበት አለው» ሲሉ አጎታችን ደመደሙ። ሁለተኛው ማርሽ ቁልቁለቱ ላይ በራሱ ፈቃድ ወደ ዜሮ መመለሱ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

ዋጋው ላይ ብዙ አልቆይም፤ እንደ ሁልጊዜው ሁሉም ተማማለ፣ ሁሉም ተቆጣ፣ ሁለት ጊዜ ተነሥተን ሄድን፣ ሁለት ጊዜ ተጠርተን ተመለስን። የሚያስገርመው ሊብሬው ከተመረመረና ውሉ ከተፈረመ በኋላ የደላላው ቁጥር ነው። በስልክ የምናውቀው አንድ ነበር። ብሩ ሊቆጠር ሲል አራት ሆኑ። አንዱ ሻጩን ያገኘሁት እኔ ነኝ አለ፣ አንዱ ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለ፣ አራተኛው መኪናው ሲታጠብ ቆሞ ያየ ሰው ሳይሆን አይቀርም። «ለሻይ» ተብሎ የተከፈላቸው ገንዘብ ሻይ ቤት ይከፍታል።

ሚኒባሱ ተገዝቶ ግቢ ገባ። ቱርቦው ከሶማሌ ተራ በተገዛ ሌላ ያገለገለ ቱርቦ ተተክቷል፤ የሸጠልን ልጅ እንደማለልን የዚህኛውም ባለቤት ሐኪም ነበሩ። የእህቴ ባል ግን ከቱርቦ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አግኝቷል። ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ደግ አይደለም፤ ያ የጋለ ዘንግ ዘይት እየጠጣ እንዲበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ሥራ ፈትቶ መቆየት አለበት። እርሱ ይህን ምክር ከሃይማኖት አጥብቆ ይዞት ነበር። ማታ ግቢ ገብቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛ ነበር፣ እህቴ በመስኮት «አትገባም እንዴ?» ስትለው «ቱርቦው እየበረደ ነው» ይል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ደቂቃ ይበቃው የነበረው ቱርቦ በኋላ ሙሉ ዜና ካላዳመጠ አይበርድም ነበር።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ስለ ዓባይ በረሃ፣ ስለ እንጦጦ አየር፣ ስለ ባትሪ ሞት ያን ያህል የተመከረበት ኮሚቴ አንድ ጥያቄ ሳያነሣ ቀርቷል፤ የእህቴ ባል መንጃ ፈቃድ የአውቶሞቢል ነው። ይህን ያህል ሰው የሚጭን መኪና ለመንዳት «ሕዝብ 1» ያስፈልጋል። ይህ የታወቀው ትራፊክ ፖሊስ ካስቆመው በኋላ ነው። ስለዚህ ሹፌር ተቀጠረ፤ የአክስታችን የወንድም ልጅ።

ከዚያ ወዲህ ሚኒባሱ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ቅዳሜ ሰርግ ነው፣ ሰኞ ለቅሶ ነው፣ በመካከል ዕድሩ ድንኳንና ሰፌድ ያጓጉዝበታል። ለመሥሪያ ቤቶቹ ኮንትራት የሚሆን ቀን ቢገኝ ሰውየውን ደስ ይለው ነበር። ባለፈው እሑድ ደግሞ ኮሚቴው ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱትን መደበ። መንገዱ አዋሽ ወርዶ እንደገና ሐረርጌ ተራሮች ላይ የሚወጣ ስለሆነ «ቱርቦው እዚያ ነው የሚታወቀው» ተብሏል። አጎታችን ከፊት፣ አክስታችን ከሹፌሩ ኋላ መስኮት ጋ፣ እህቴና ልጆቿ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ የአክስታችን የንስሐ አባት፣ መካኒኩ ለጥንቃቄ። ዝርዝሩ ተነብቦ ሲያልቅ መቀመጫው ሞላ። የእህቴ ባል ስሙን ለመስማት ትንሽ ጠበቀና «እኔስ?» አለ።

አጎታችን መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን እንደገና ተመለከቱ። «አንተማ በአውቶቡስ ትደርስብናለህ፤ ናፍጣውን ግን ከዋዜማው በፊት ሙላልን።»