ሎኩን አጥፋው ባዮች

ዛሬ ጠዋት ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ፕሮግራሞቼን ላሻሽል «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ብል፣ ሎኩ (ሁለት ጫኚዎች በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩ የሚከለክለው ቁልፍ) ተይዟል አለኝ። የያዘው «አንአቴንድድ አፕግሬድስ» ነው፤ ማንም ሳያዘው የደህንነት ማሻሻያ የሚጭን ታታሪ። ይጨርስ ብዬ ልጠብቅ ስል፣ ከኋላዬ ቆሞ የሚያይ ባልደረባዬ «ሎክ ፋይሉን አጥፋውና ቀጥል በቃ!» አለኝ።

መካሪ መቼም አጥተን አናውቅም። ጉንፋን ሲይዝህ ፌጦና ዳማከሴ የሚያዝልህ ሁሉ፣ ኮምፒውተርህ ሲንቀራፈፍ ኢንጂነር ነው። ፌጦው ቢበዛ ሆድ ያቃጥላል። የፕሮግራም ጥቅሎችን የሚጭነው ዲፒኬጂ በሥራ ላይ ሳለ ሎኩን አጥፍቶ ሌላ ማስነሳት ግን የጥቅሎቹን መዝገብ ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ ሲያስታምሙ መዋል የእኔ ዕጣ ነው፤ መካሪው ምሳ ወጥቷል።

ዲፒኬጂ የሚዘገየው ሰንፎ አይደለም። አዲሱ ፋይል ዲስኩ ላይ በትክክል መስፈሩን ሳያረጋግጥ አሮጌውን አይተካም። መብራት እንደፈለገው በሚሄድበት ሰፈር ይሄ ጥንቃቄ ነው፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ነፍስ ቢያወጣም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል የምወደው ተረት።

ይህንኑ ተረት ግን አንድ መሥሪያ ቤት፣ ማኅተም ልታሳርፍልኝ የነበረች ሠራተኛ ነግራኝ ታውቃለች፤ ስልኳን እየነካካች። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ፣ የቸኮለች…» ተረቱን ለቀናት ጠልቼው ነበር። እሷ እኮ ምንም አልቀዳችም! የሚፈስ ነገር የሌለው ሰው ስለ መቸኮል ምን አግብቶት ይናገራል? እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ብቻ አንአቴንድዱ ለቀቀ፣ የእኔ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ «ሊኑክስ ፈርምዌር»፤ በሕይወቴ ለማልገዛው የዋይፋይ ካርድ ሁሉ የሚሆን ስንቅ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት፣ በእኔ ብር። ቀጥሎ «ማን-ዲቢ»፤ ማንም የማያነበውን መመሪያ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚያስመዘግብ። እዚህ ላይ ተረት አይረዳኝም፣ በግልጽ ተናድጃለሁ።

ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ መስመሩ ቆሟል። ባልደረባዬ ደርሶ «ሃንግ አድርጓል፣ አጥፍተህ አብራው» አለ። ቀረብ ብዬ አየሁት። አንድ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ተቀይሯልና አዲሱ ይግባ ወይስ የአንተው ይቆይ እያለ መልሴን ይጠብቃል። «ኤን» (የእኔው ይቆይ) ብዬ ኢንተር ነካሁ፣ ቀጠለ። ባልደረባዬ አሁን ዊንዶውስ እንድጭን እየመከረኝ ነው።