ለነጻ መካሪዎች ከአንድ ሐኪም የቀረበ ምስጋና

ምስጋና ሲዘገይ ነውር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ላድርሰው። ክብደት መቀነሻ መርፌ በተነሳ ቁጥር የሚመሰገነው ተመራማሪው ነው፣ ፋብሪካው ነው፣ ቢበዛ ሐኪሙ ነው። እናንተን ማን አስታወሰ? እናንተ ወፍራም ሰው ባያችሁ ቁጥር፣ ሳትጠየቁና ሳይከፈላችሁ፣ በመንገድም በስብሰባም በሊፍት ውስጥም «ትንሽ አፍሽን ያዝ አድርጊ እንጂ» የምትሉ ደጋግ ሰዎች፣ እግዜር ይስጣችሁ።

እኔ አንድ ሰው ለምን እንደወፈረ ለማወቅ ብዙ ነገር እጠይቃለሁ። ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? (ኢንሱሊን ያወፍራል፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ያወፍራሉ፤ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ።) እንቅልፍህ እንዴት ነው? ቤተሰብህ ውስጥ ስኳር አለ? የደም ምርመራ አዛለሁ፣ የታይሮይድ ሆርሞን አያለሁ፣ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር የሚነጻጸርበትን ቁጥር) አሰላለሁ። ጊዜ ይፈጃል። እናንተ ግን ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ፣ ሰውየው ገና ዞሮ ሳያያችሁ፣ ምርመራውንም ሕክምናውንም ጨርሳችኋል። ምርመራ፦ ሆዳምነት። ሕክምና፦ አፍህን ዝጋ። የክትትል ቀጠሮ፦ በሚቀጥለው ስንገናኝ፣ ሰው ፊት።

እንዲህ ያለ ቅልጥፍና የትኛውም ክሊኒክ ውስጥ የለም።

ደግሞ ምክራችሁን እንደ መድኃኒት ብናየው መርፌውን በብዙ ነገር ያስከነዳል። መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ምክር ውጪ ቢያድር አይበላሽም። ዌጎቪ የሚባለው መርፌ ሆድ እንዳይረብሽ ተብሎ ከ0.25 ሚሊግራም ይጀመርና ቀስ እያለ፣ አራት ወር ያህል ፈጅቶ፣ 2.4 ይደርሳል። ምክር ግን ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ ዶዝ ነው። መርፌው ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አልፎ አልፎም የሐሞት ጠጠር ወይም የቆሽት ብግነት ያመጣል፤ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይዞ ይሄዳል፤ በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አይታዘዝለትም። ምክር ለሰጪው አንዳችም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ደስ ይላል። ተቀባዩ ላይ የሚታየው ደግሞ ቀላል ነገር ነው። ያፍራል፣ ከሰው ይሸሻል፣ ሐኪም ዘንድ ለመምጣት ዓመታት ይዘገያል፣ ከመጣ በኋላም «ሚዛኑን ብንተወውስ ዶክተር?» ብሎ ይለምናል።

ሌላም ብልጫ አለው። ፌን-ፌን የሚባለው የክብደት መድኃኒት የልብ ቫልቭ ያበላሻል ተብሎ በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ከገበያ ወጣ። ሲቡትራሚን በ2010 ወጣ። ምክር ግን አንድም ቀን ከገበያ ወጥቶ አያውቅም፤ እጥረትም ገጥሞት አያውቅም።

ሳይንስ ምክርን አልፈተነውም እንዳትሉ ብቻ። ፈትኖታል። በ2021 የታተመ ስቴፕ 1 የተባለ ጥናት አለ። 1,961 ሰዎች ለ68 ሳምንት ተሳተፉበት። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ሴማግሉታይድ (ዌጎቪ ውስጥ ያለውን መድኃኒት) ተወጉ፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለው መርፌ ተወጉ። ምክሩ ግን ለሁሉም ነበር፦ በየአራት ሳምንቱ ከባለሙያ ጋር መገናኘት፣ በቀን 500 ካሎሪ መቀነስ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 15.3 ኪሎ ቀነሱ። ምክር ብቻ የደረሳቸው 2.6 ኪሎ። ከክብደታቸው 2.4 በመቶ መሆኑ ነው፤ የመርፌው 14.9 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቲርዜፓታይድ የሚባለው ሌላው መርፌ ሲፈተንም ያው ነው፦ በ72 ሳምንት ከፍተኛውን ዶዝ የወሰዱት 20.9 በመቶ፣ ምክርና ባዶ መርፌ የደረሳቸው 3.1 በመቶ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ስህተቱ የአጥኚዎቹ ነው። ሠልጣኝ ባለሙያ ቀጥረው፣ በቀጠሮ፣ በትሕትና፣ በር ዘግተው ምክር አሰጡ። እናንተን መቅጠር ነበረባቸው። እናንተ ብትሆኑ ልጅቷ ሳህን ባነሳች ቁጥር ዓይናችሁን ሳህኑ ላይ ተክላችሁ «ያ ሁሉ ያንቺ ነው?» ትሉ ነበር፤ ያኔ ውጤቱ የት ይደርስ እንደነበር ማን ያውቃል።

ሆርሞን ምናምን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። አንጀት ምግብ ሲገባበት ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ሆርሞኑ ቆሽትን «ኢንሱሊን አምጣ»፣ አንጎልን «ጠግበናል» ይላል፣ ግን ሰውነት በደቂቃዎች ውስጥ ያፈርሰዋል ይላሉ። ቶሎ የማይፈርስ አምሳያውን የት አገኙት? ጊላ ሞንስተር ከምትባል መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ። ከዚያ የተሠራው ኤክሴናታይድ በ2005 ለስኳር ሕመም ተፈቀደ፤ የዚህ መርፌ ቤተሰብ በኩር እሱ ነው። እንሽላሊቷ ለወፍራሞች ምራቋን ሰጠች። እናንተም ምራቃችሁን አልነፈጋችኋቸውም፤ ልዩነቱ የእሷ መሥራቱ ብቻ ነው።

አሁን ከመካከላችሁ ለየት ያለ ምስጋና የሚገባቸው አሉ። እነዚህ ቀን መካሪ፣ ማታ ተወጊ የሆኑት ናቸው።

እንዲህ ዓይነቷ ደንበኛዬ ስትመጣ ከሩቅ አውቃታለሁ። ቢኤምአይዋ 23 ነው። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ቢኤምአይው 30 ለሞላ፣ ወይም 27 ሆኖ እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያለ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ሰው መሆኑን ስነግራት «አውቃለሁ ዶክተር፣ ግን ሰርግ አለብኝ» ትለኛለች። አራት ኪሎ ብቻ። እምቢ ስላት አትቀየመኝም። ሌላ ቦታ ታገኘዋለች። ሳምንታት አልፈው ሳያት ሸንቅጣለች፤ ሰዉ ከቧት «ምን አድርገሽ ነው?» ይላታል። «ውሃ በሎሚ፣ ጠዋት ጠዋት የእግር ጉዞ፣ ከሁሉ በላይ ቆራጥነት!» ዞር ብላም አጠገቧ የቆመችውን፣ ቢኤምአይዋ 38፣ ስኳር ያለባት፣ ጉልበቷ የሚያማት ጓደኛዋን ትመክራታለች። ሎሚውን ለጓደኛዋ፣ መርፌውን ለራሷ። እንዲህ ያለ ደግነት ታይቶ ይታወቃል? መርፌው ያቅለሸልሻላ! ለወዳጅ የማቅለሽለሽ ነገር ማን ይመኛል?

ከ2022 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት እነዚህ መርፌዎች በዓለም ገበያ ሲጠፉ፣ ለስኳራቸው በየሳምንቱ ይወጉት የነበሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ከፋርማሲ ይመለሱ ነበር። የሰርግ ፎቶው ግን አማረ፣ ዋናው እሱ ነው። «ሌላ ቦታ» የሚባለው ገበያም ቢሆን የራሱ በረከት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በብሪታንያና በአሜሪካ የተገኘ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ (ለስኳር ሕመም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ) እንዳለ አስጠንቅቋል። የአንዳንዱ ሣጥን የምርት ቁጥር ከፋብሪካው ጋር አይገጥምም፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅ። ያለ ሐኪም፣ ከማያውቁት ሰው፣ በስልክ አዝዞ ሆድን መውጋት ቆራጥነት ይፈልጋል፤ ስለ ቆራጥነት ስትነግረን አልዋሸችንም ማለት ነው።

የመድን ድርጅቶችም ምስጋናዬን ይቋደሱ፤ ምክራችሁን በማኅተም አስውበው የሚልኩልኝ እነሱ ናቸው። እኔ መርፌ አዝዤ ወረቀት እልካለሁ፣ እነሱ «ታካሚዋ በቅድሚያ ለስድስት ወር አመጋገብና ስፖርት ትሞክር» ብለው ይመልሳሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትሞክር የኖረች ሴት! በአሜሪካ በ2003 የወጣው የአረጋውያን መድን፣ የሜዲኬር የመድኃኒት ሕግ፣ ክብደት ለመቀነስ የሚታዘዝን መድኃኒት ጭራሽ ከሽፋኑ አስወጣ። ከዚያ በ2023 ሴሌክት የተባለ ጥናት መጣ፦ 17,604 የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው ወፍራም ሰዎች፣ ሴማግሉታይድ ለወሰዱት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና ከልብ ጋር የተያያዘ ሞት በ20 በመቶ ቀነሰ። በ2024 ሜዲኬር ልቡ ለታመመ ሰው ዌጎቪን መሸፈን ይቻላል አለ። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ለውፍረትህ አይከፈልም፤ ውፍረትህ ልብህ ድረስ ሄዶ ሲያበቃ ግን ይከፈልልሃል። ታገሥ፣ በርታ፣ ትደርሳለህ።

እስከዚያ ድረስ ከኪስ ነው። ከኪስ ሲሆን የሚደረገውን ላውጋችሁ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር በሙሉ ዶዝ ይኬዳል፣ ሰው ይቀጥናል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ ይቀራል። ቀጥሎ በየሳምንቱ የሚወጋው በየአሥር ቀኑ ይሆናል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። ከዚያ አንድ ቀን ቀጠሮው ላይ አይመጣም። የስቴፕ 1 ተሳታፊዎች መርፌው ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመዘኑ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶ ነበር። የግፊት ክኒን ያቋረጠ ሰው ግፊቱ ተመልሶ ሲወጣ «አየህ፣ ክኒኑ ውሸት ነው፣ አንተም ሰነፍ ነህ» የሚለው የለም። ክብደት ሲመለስ ግን የእናንተ የደስታ ቀን ነው። «አላልኩሽም? በመርፌ የመጣ በመርፌ ይሄዳል!» ትላላችሁ። ለምን አቋረጥሽ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም፤ ዋጋው ስንት ነበር የሚል ደግሞ ከነጭራሹ።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ውለታ የሚገዝፈው። ጥፋቱ የልጅቷ ሆዳምነት ከሆነ የዋጋ ነገር ማን ያነሳል? ማንም። ፋብሪካዎቹ ለማስታወቂያ ስንትና ስንት ያፈሳሉ፤ እናንተ ግን ይህን ሁሉ ዝምታ በነጻ ገዛችሁላቸው። ቢያንስ አንድ ሜዳሊያ ይገባችሁ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2025 ሴማግሉታይድንና ቲርዜፓታይድን፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምና ውፍረት ለተደራረበባቸው የስኳር ታማሚዎች ብሎ፣ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። መሠረታዊ! አብዛኛው ታካሚ ግን የሚያውቀው «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ነው።

ስለዚህ የምክር ችሎታችሁ እንዳይባክን አንድ ከባድ ታካሚ አለኝ፣ ልላክላችሁ። ስሙ አቶ ዋጋ ነው። ካርዱን ላንብብላችሁ። በ2023 በተሠራ የአገሮች ንጽጽር፣ ዌጎቪ በሚል ስሙ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ወር 1,349 ዶላር ሲመዝን፣ ጀርመን ሲሄድ 328 ይሆናል። ኦዜምፒክ በሚል ስሙ፣ ያው ሴማግሉታይድ ሆኖ ሳለ፣ አሜሪካ 936፣ ብሪታንያ 93፣ ፈረንሳይ 83። የአየር ለውጥ እንዲህ የሚያቀጥነው ሰው አይቼ አላውቅም። ጤናማ ክብደቱስ ስንት ነው? የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በ2024 አስልቶታል፦ ትርፍም ተጨምሮበት የወሩ ሴማግሉታይድ ከ0.89 እስከ 4.73 ዶላር ተመርቶ ሊሸጥ ይችላል። በ2025 በራሳቸው ገንዘብ በቀጥታ ለሚገዙ አሜሪካውያን 499 ሲደረግ ደግሞ ዘመዶቹ «ቀጥኗል እኮ» እያሉ አጨበጨቡለት።

ቢኤምአይውን ልሰራለት ሞከርኩ፣ ካልኩሌተሩ እምቢ አለ። አመጋገቡን ጠየቅሁት፣ የሰው ደመወዝ ነው የሚበላው። ስፖርት አይሠራም፣ ሎሚም አይጠጣም። እንደ እናንተ ያለ ከመንገድ ማዶ ሆኖ፣ ሳይጠየቅ፣ ጮክ ብሎ የሚመክር ሰው ያስፈልገዋል። እኔ አቅቶኛል፤ ሪፈር ጽፌላችኋለሁ።