«ሲደርስ እናያለን» ለሚሉ ወገኖች የቀረበ ምስጋና

ፈረንጅ ያሳዝነኛል። ገና በሃያ አምስት ዓመቱ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን እንኳ በወጉ ሳይበላ፣ ስለ ስልሳ አምስት ዓመቱ ይጨነቃል። ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፣ በየዓመቱ ስንት ደረሰልኝ እያለ ያያል። እኛ ግን ተመስገን፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚገላግል ጥበብ አለን። «ሲደርስ እናያለን» ይባላል። ነገ የራሱ ጉዳይ ነው፣ ነገ ራሱ ያስብበት። ይህን ጥበብ ሳይሸራርፉ ለያዙልን ወገኖች እስካሁን አንድም ሰው አደባባይ ወጥቶ አላመሰገነም። ነውር ነው። ዛሬ እኔ ላመስግን።

ቅድሚያ የሚገባው በግል ድርጅት ለሚሠራው ወገናችን ነው። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 አውጥቶ የግል ሠራተኛውንም የጡረታ ዐቅድ ውስጥ አስገባው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጁን በሌላ አዋጅ፣ በቁጥር 1268 ተካው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ ያዋጣሉ። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ተሰልቶ 30 በመቶውን በየወሩ ያገኛል። ከአሥር ዓመት በላይ ባገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ወጥመዱን አያችሁት? ዕድሜ ልክ እየከፈሉህ አርጅ ነው የሚሉህ። ወገናችን ግን ወዲያው ነቃ። ሲቀጠር አስተዳደር ቢሮ ገብቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የምስማማው በ20 ሺህ ነው፣ ፔሮል ላይ ግን 6 ሺህ ይጻፍልኝ፣ ቀሪው በአበል ይሁን» አለ። አሠሪውም ደግ ሰው ነው፣ እሺ አለ። በዚህ ዘዴ ወገናችን በየወሩ 980 ብር ከጡረታ ቆራጭ እጅ አዳነ። 980 ብር ቀላል አይደለችም። ለአንድ ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ ትሆናለች፣ አወራራጁን ሌላ ሰው ከጋበዘ። አሠሪውም በበኩሉ የሚያዋጣት 1,540 ብር ተረፈችለት። የእሱ ደግነት ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ እንበል። የጡረታ አበሉ ሲሰላ 55 በመቶ ደረሰለት። የ20 ሺህ 55 በመቶ 11 ሺህ ነው። ፔሮሉ ላይ ያለው ግን 6 ሺህ ስለሆነ 3,300 ብር ተወሰነለት። እስቲ አስቡት፣ በወር 11 ሺህ የሚቀበል ሽማግሌ ሰላም ያገኛል? ጎረቤት ይበደረዋል፣ ዘመድ ያስቸግረዋል፣ የወንድም ልጅ ሚዜ ሆኖ ሱፍ ግዛልኝ ይለዋል። የእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ ንዝንዝ ገና በወጣትነቱ ራሱን ነፃ አውጥቷል። ይህን ካልን ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውን ማንሳት አያስፈልግም። ያልተቀመጠ ብር አይረክስም።

የፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም በጡረታ ፈንታ በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም ገንዘብ፣ ተጠቃሚዎችም መረሳት የለባቸውም። እነሱ ሥራ በቀየሩ ቁጥር የተጠራቀመላቸውን አውጥተው ይወስዳሉ። በመጀመሪያው ሶፋ ተገዛ፣ በሁለተኛው ትልቁ ቴሌቪዥን፣ በሦስተኛው ላንጋኖ ተደረሰ። ዛሬ ጡረታቸው ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ ይቀመጥበታል። የየትኛው አገር ጡረተኛ ነው ጡረታው ላይ ተጋድሞ ኳስ የሚያየው?

የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን መደበቅ አይችልም። እሱ የሚደብቀው ዕድሜውን ነው። አንዱን የማውቀው ባለሥልጣን በሰፈር እኩዮቹ ቆጠራ 66 ሞልቶታል፣ በልደት የምስክር ወረቀቱ 58 ነው። ታናሽ ወንድሙ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆነው። ታዲያ ሕጉ ክፉ ነው፣ መጀመሪያ ሲቀጠር የሞላውን ቅጽ ይዞ ጥግ ላይ ይጠብቀዋል። ለዚህም ነው አንዳንድ ፋይል እንደ ጽላት የሚሰወረው። ለጡረታ መዘጋጀት የሚባለውን ምክር እንዲህ በአጭሩ የቀጨ ሌላ ሕዝብ ካለ ንገሩኝ። ወደ ጡረታ አንሄድም፣ ጡረታም ወደ እኛ እንዳይመጣ መንገዱን እናስረሳዋለን።

ዋናው ገንዘባችን ያለው ግን ባንክ አይደለም። «ልጆቼ ጡረታዬ ናቸው» የሚል የማይነቃነቅ ዐቅድ አለን። ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ካደገ በኋላ ደግሞ በእሱ ዕድል እኛ እናረጃለን። የዐቅዱ ውበት ለልጆቹ አለመነገሩ ነው። ልጅየው የሚሰማው ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው በስልክ ነው።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብቻ...»

ከዚያች «ብቻ» በኋላ ምን እንደሚመጣ ልጁ በቃሉ ያውቀዋል። ወይ ጣሪያ ነው፣ ወይ ጉልበት ነው፣ ወይ የአክስት ልጅ ምርቃት ነው። እሱ ራሱ ሁለት ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ ለራሱ ጡረታ አምስት ሳንቲም አላስቀመጠም። ችግር የለም። እሱም ልጆች አሉት አላልኩም?

በዚህ ዐቅድ ውስጥ ትልቁን መዋጮ የከፈለችው ቤይሩት ወይ ጅዳ ሰው ቤት የሠራችው እህታችን ናት። የላከችው ብር የታናሿ ባጃጅ ሆነ፣ የታላቋ ሠርግ ሆነ፣ የወላጆቿ ቆርቆሮ ሆነ። ስትመለስ ለእሷ የተቀመጠ ነገር የለም። ግን ዘመድ ጋ በገባች ቁጥር «ይሄ እኮ የእሷ ብር ነው» እያሉ ያስጎበኟታል። ክብር እንጂ ገንዘብማ የእጅ እድፍ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን የሥልጣኔውን አገር ጥበብ ከእኛ ጋር ያዋሐደ ሊቅ ነው። እዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው መሥሪያ ቤት የጡረታ አበል የሚያሰላው አንድ ሰው ብዙ ገቢ ካሳወቀባቸው 35 ዓመታት ነው። ወንድማችን በጥሬ ገንዘብ የሠራውን ሁሉ ቢያሳውቅ ታክስ ይበዛበታል። ስለዚህ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ታክስ የሚሞላለትን ሰው «እባክህ ዝቅ አድርግልኝ» ይለዋል። ዝቅ ያደርግለታል። ሠላሳ ዓመት ዝቅ ሲል ቆይቶ 67 ሲሞላው አበሉም አብራው ዝቅ ብላ ትመጣለች። ይህን ጊዜ አይደነግጥም፣ ምክንያቱም አገር ቤት ለገጣፎ ጂ ፕላስ ቱ እያስገነባ ነው። ወንድሙ ይቆጣጠርለታል። ሲሚንቶ ተወደደ፣ ብረት ጠፋ፣ ካርታው ትንሽ ነገር አለው፣ ግን እየሄደ ነው። ያለቀ ዕለት ጓዙን ጠቅልሎ ይገባል። መኝታ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት መሪ በኋላ ደረጃ አይወድም። አሜሪካ ለአረጋውያን የሚሰጠው ሜዲኬር የሚባለው የጤና መድን ደግሞ ከአገሩ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም። እሱም ሲደርስ ይታያል።

ጤናን ካነሳን፣ «ሳያመኝ ሐኪም ቤት ምን ልሠራ?» የምትለዋን ወርቅ የሆነች ጥያቄ ላመጣው ሰው ሐውልት ይገባው ነበር። ደም ግፊት ድምፅ የለውም፣ ስኳርም አያንኳኳም፣ ታዲያ ያልተጠሩበት ቤት መሄድ ብልግና አይደለም? አምሳ ዓመት ቅቤውን፣ ጨጓራውን፣ ክትፎውን ይዘን እንከርማለን። አንድ ቀን ዞር ሲያደርገን ሐኪሙ ኪኒን ያዝልናል። ሦስት ሳምንት ወስደን ደህና ስንሆን እናቆመዋለን። «ተሻለኝ እኮ!» የተሻለው በኪኒኑ መሆኑን የሚነግረን ሐኪም ቢዝነስ ፈልጎ ነው። ከዚያ በቀር ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚታየውን ሽማግሌ አይተን «ምን ነካቸው እኚህ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜ!» እንላለን። ቱታ በስድሳ ዓመት ያስቃል። በስድሳ ዓመት ከዘራ ግን ያስከብራል።

ደስታስ? ደስታማ በመሸኛው ቀን ሞልቶ ይፈስሳል። ለስላሳ ይከፈታል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ የምስጋና ወረቀት በፍሬም ይሰጣል፣ ሲጠሉት የኖሩት ምክትሉ ሳይቀር ተነሥቶ «አባታችን ነበሩ» ይላል። በማግሥቱ አባታችን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥተው ተላጭተው ከረባታቸውን ያስራሉ። የሚሄዱበት ግን የለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ከማኅተምና ከስብሰባ ውጭ የወደዱት ነገር አልነበረም። አትክልት አልተከሉም፣ መጽሐፍ አላገላበጡም፣ ከባለቤታቸው ጋር ከ«ምሳ ደረሰ?» ያለፈ ወግ አልያዙም። ስለዚህ ሥልጣናቸውን ወደ ማድ ቤት አዛወሩ። «ሽንኩርቱ አልበዛም? ይሄ ዘይት በስንት ቀን ነው የሚያልቀው? ለምን አልተመዘገበም?» እትዬ ያለ አለቃ ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተዳደሩት ማድ ቤት በአንድ ጠዋት ዳይሬክተር ተሾመለት። በሁለተኛው ሳምንት ባልየው ወደ ድሮ መሥሪያ ቤታቸው በር ሄደው ከጥበቃው ጋር ወንበር ተጋርተው ተቀመጡ። የላኳቸው እትዬ ናቸው ይባላል።

አሁን «ሐበሻ ለነገ አያስብም» የሚሉ ስም አጥፊዎች ይህን ሲያነቡ ደስ ሊላቸው ይችላል። አይቸኩሉ። እድር አለን! ጡረታ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የእድር መዋጮ አንድ ወር አያሳልፍም። ካሳለፈ ይቀጣል፣ ስብሰባ ከቀረ ይቀጣል፣ ቀብር ከቀረም ይቀጣል። መዝገብ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ብረት ድስቱና ወንበሩ ተቆጥሮ መጋዘን ተቆልፎበታል። አንድ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ለመሞት እንዲህ የተዘጋጀ ሰው የት ታገኛላችሁ? ያልተዘጋጀነው ጡረታ ወጥተን እስክንሞት ላለችው ጊዜ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ለአንዳንዱ ሰው ሃያ ዓመት ብቻ ናት።

አንዳንድ እድሮች የታመመና የተቸገረ አባል በቁሙ መርዳት ጀምረዋል ይባላል። ሥርዓት የሚበላሸው እንዲህ ነው። የእኛ ሰፈር እድር ግን ፀንቶ ቆሟል። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ጎረምሳ እጁን አውጥቶ፣ «ከመዋጮው ላይ ትንሽ ነጠል አድርገን፣ አቅም ላነሳቸው አዛውንት አባሎቻችን ለመድኃኒት ብናደርገውስ?» አለ። ቤቱ ፀጥ አለ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ልጄ፣ ያለውን ሁሉ በቁሙ ከረዳን ለሞተው ምን ይቀራል?» አሉት።

ጸሐፊው «በደንባችን ላይ የለም» ብሎ ጻፈ። ከኋላ ደግሞ ያ ባለ 3,300 ብሩ ጡረተኛ በቁጣ ተነሡ። ኪሳቸው ውስጥ ያልተገዛ የመድኃኒት ማዘዣ ነበር። «ምን ታሟርትብናለህ አንተ! ገና ምን አየህና!» አሉት። ተጨበጨበላቸው።

ቀጣዩ አጀንዳ የድሮው ድንኳን ዝናብ ስለሚያስገባ አዲስ ይገዛ የሚል ነበር። ወርኃዊ መዋጮው እንዲጨምር በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጡረተኛው ሁለቱንም እጃቸውን ነበር ያወጡት። ክርክር የተነሣው ቀለሙ ላይ ብቻ ነው።