የሞተው የትኛው ተውሳክ ነው?

የባሕር አልጌ ጭማቂ የካላዛርን ተውሳክ ገደለ የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

የካላዛር ተውሳክ፣ ሌይሽማንያ፣ ሁለት መልክ አለው። በአሸዋ ዝንቧ ሆድ ውስጥ ሳለ ረዘም ያለ፣ ጭራ ያለውና የሚዋኝ ነው። ሰው ገላ ውስጥ ሲገባ ግን ይድቦለቦልና ሊውጡት በመጡት የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይራባል። ሰውን የሚያሳምመው ይኸኛው ሲሆን፣ ላብራቶሪ ውስጥ በቀላሉ የሚያድገው ግን ባለጭራው ነው። ስለዚህም ብዙ ጊዜ የሚፈተሸው እሱ ነው። አልጌው ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል፣ በአንድ የአልኮል ዓይነት፣ ይዘፈዘፋል፤ ጭማቂው ትንንሽ ጉድጓድ ባላት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ጠብ ይደረግና ከተወሰኑ ቀናት በኋላ የተረፈው ተውሳክ ይቆጠራል። በሴል ውስጥ የተሸሸገውን ለመግደል ግን መድኃኒቱ ሴሉን ሳይጎዳ ዘልቆ መግባት አለበት።

አልጌ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጃፓኖች እኛ ኮሶ እንደምንጠጣው ሁሉ ማኩሪ የሚሉትን ቀይ አልጌ እየቀቀሉ ለወስፋት ይጠጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ተመራማሪዎቻቸው ካይኒክ አሲድን ከውስጡ ለይተው አወጡ፤ መድኃኒትም ሆነ። ኋላ ላይ ግን ይኸው ንጥረ ነገር የአንጎል ነርቭን እንደሚገድል ታወቀ፤ ዛሬ ተመራማሪዎች አይጥ ላይ የሚጥል በሽታ ለማስነሳት ይጠቀሙበታል። ትሉን የሚያሽመደምደውና አንጎልን የሚጎዳው አንድ ነገር ነው። ጤነኛ ሴል ላይ ያልተሞከረ ጭማቂ "ተስፋ ሰጪ" ሲባል የምቆጣው ለዚህ ነው። ባክቴሪያም ላይ ቢሆን ያው ነው፤ ጭማቂ በነካው የወረቀት ክብ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት የጠራ ቀለበት ስለታየ ብቻ መድኃኒት ተገኘ አይባልም።

ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራና መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ፣ በግራር ጥላ ሥር ያድራል። ዝንቧ የምትነድፈው እዚያ ነው። ሲታመም ለ17 ቀን በየዕለቱ የሁለት መድኃኒት መርፌ ይወጋል፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ስቲቦግሉኮኔት፣ ልብንና ቆሽትን የሚጎዳ ነው። ይህ ሰው የተሻለ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማት መቶኛውን አልጌ ከሚያስፈጩ፣ ቀድሞ ተውሳክ የገደሉትን ጥቂቶቹን መርጠው የተደበቀው ተውሳክና ጤነኛ ሴል ላይ፣ ቀጥሎም በእንስሳ ላይ ያስፈትሹ። መጽሔቶችም ሁለቱ የሴል ፍተሻዎች ያልተደረጉበትን ጽሑፍ "ለካላዛር ሕክምና" በሚል ርዕስ አያውጡ።