ማንቲስ የሳሎን ጌጥ አይደለም!

ዛሬ ካልተነፈስኩ አይሆንልኝም። የማንቲስ ሻጮች ነገር አንገፍግፎኛል።

ማንቲስን ታውቁታላችሁ፤ የፊት እግሮቹን አጥፎ የሚጸልይ ሰው መስሎ የሚቆመው፣ አንገቱን አዙሮ ትክ ብሎ የሚያያችሁ ነፍሳት ነው። እኔ እዚህ ጀርመን የማሳድገው ኦርኪድ ማንቲስ የሚባለውን ዓይነት ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ታይላንድ። መልኩ ነጭና ሮዝ ነው፤ እግሮቹም የአበባ ቅጠል ይመስላሉ። ንቦች አበባ መስሏቸው ይመጣሉ፣ እሱም ቀልጠፍ ብሎ ይይዛቸዋል።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ውበቱ ነው። ፎቶውን ያየ ሁሉ ይመኘዋል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ትንሽ የመስታወት ሣጥን፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ውስጡ አንድ ማንቲስ፤ «ሙሉ ጥቅል» ብሎ ይሸጣል። «ውኃ መርጨት ብቻ ነው፣ ምንም አያስቸግርም» ይላል። ውሸት ነው!

ማንቲስ የሚያድገው ቆዳውን እየቀየረ ነው። ሲቀይር ከጣሪያው ላይ ቁልቁል ይንጠለጠልና ከአሮጌው ቆዳ ውስጥ ቀስ እያለ ወደታች ይወጣል። ስለዚህ ከሥሩ ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል፤ የሣጥኑ ቁመት ቢያንስ የራሱን ርዝመት ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ጣሪያውም እግሩ የሚቆነጥጠው መረብ ወይም ጨርቅ መሆን አለበት። ለስላሳ መስታወት ከሆነ ያንሸራትተዋል፣ ይወድቃል። በዚያች ሰዓት ሰውነቱ ገና እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ እንደተጣመመ ይደርቃል። የፊት እግሩ ከተጣመመ ደግሞ አድኖ መብላት አይችልም። ከዚያ በኋላ በረሃብ መሞት ነው።

የማውቃት አንዲት ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ለልደቷ ያን «ሙሉ ጥቅል» ገዙላት። ልጅቷ የተነገራትን ሁሉ አድርጋለች፤ ውኃ ረጭታለች፣ ምግብ ሰጥታለች። ማንቲሱ ቆዳ ሲቀይር ወደቀ፣ ተጣመመ፣ ሞተ። ለሻጩ ብትጽፍለት መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «በደንብ አልያዝሽውም!» ደሜ ፈላ። ሣጥኑን የሸጠላት ራሱ! ቁመቱ አጭር ነው፣ ጣሪያው ድፍን መስታወት ነው፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እንኳ የለውም። እርጥበት ይወዳል ማለት ይታፈን ማለት አይደለም። እርጥበቱ መውጫ ካጣ ሻጋታ ነው የሚያበቅለው።

«በየቀኑ አብሉት» የሚሉትም አሉ። ማንቲስ ቆዳ ሊቀይር ሲል መብላት ያቆማል። ያኔ በላዩ ላይ ፌንጣ ከለቀቃችሁበት ተንጠልጥሎ መንቀሳቀስ በማይችልበት ሰዓት ፌንጣው እሱን ይነክሰዋል። ያልተበላውን ማውጣት ግድ ነው። ይህን ለገዢ ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ጥንድ» እያሉ የሚሸጡት ነው። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ወንድና ሴት አብረው ይሰጧችኋል። ሴቷ ስታድግ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ ወንዱ የእሷን ግማሽ ቢያክል ነው። እሱ ቶሎ ለአካለ መጠን ይደርሳል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። እሷ እስክትደርስ እሱ ያልቅለታል፤ አንድ ሣጥን ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ትበላዋለች። የሚያረባ ሰው ይህን አጥቶት አይደለም። ክንፍ ያወጣ ትልቅ ማንቲስ ሲሸጡም የቀረው ዕድሜ ጥቂት ወር ብቻ መሆኑን ትንፍሽ አይሉም። ሕፃን ልጅ ይዛው አልቅሳ ትቀራለች።

የኛ ሰው ደግሞ «ለአንበጣ ገንዘብ ታወጣለህ?» ይለኛል። አንበጣ አይደለም ጎበዝ! ሥጋ በል ነው፤ አንበጣ ቢያገኝ ራሱ ይበላዋል። በዝምድና እንዲያውም ለበረሮና ለምስጥ ነው የሚቀርበው። አሜሪካ ሆናችሁ «ላክልን» የምትሉኝ ወዳጆቼም አትቀየሙኝ፤ የውጭ አገር ማንቲስ ያለ ግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እዚያ ማስገባት ክልክል ነው።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ሻጩን ጠይቁት። ስንት ጊዜ ቆዳ ቀይሯል? ወንድ ነው ሴት? አሁን የሚበላው ምንድን ነው? ማንቲሱን ያሳደገ ሰው ሳያስብ ይመልስላችኋል። ከተንተባተበ ትታችሁት ሂዱ። ሣጥኑን ለየብቻ ግዙ፤ ረጅም፣ ከላይ መረብ ያለው፣ ከጎን አየር የሚያስገባ።

ለዚያ ሻጭ የሣጥኑን ፎቶና ልኬት አያይዤ ጽፌለታለሁ። የልጅቷን ገንዘብ እንዲመልስ፣ ያንን ሣጥንም ከሽያጭ እንዲያወጣ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን ዝም ብሏል። እኔ ግን ዝም አልልም፤ ነገም እጽፍለታለሁ።