አዲሱን ስልክ ልግዛ ለሚል ሰው፦ መጀመሪያ የሚጠየቀው የስልኩ ዕድሜ ነው

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የአገሩ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጉባ ላይ ጥሎ የታላቁን የሕዳሴ ግድብ ምረቃ ሲከታተል ዋለ። በዚያው ቀን በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አፕል አይፎን 17ን ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም አይፎን 16 ይፋ የሆነው በዚያው በጳጉሜን 4 ነበር። የኩባንያው የሽያጭ ወቅት ከእኛ ዘመን መለወጫ ጋር የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው፤ እኛ ላይ የሚያሳድረው ጫና ግን ቀላል አይደለም። እንቁጣጣሽና መስቀል ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚጠበቅባቸው፣ ለልጅ አዲስ ነገር የሚገዛባቸው፣ እቁብ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያውለው የሚያስብባቸው ቀናት ናቸው። አዲሱን ስልክ ልግዛ ወይስ ልቆይ የሚለው ክርክርም በየቤቱ የሚጦፈው በዚሁ ሰሞን ነው።

የእኔ መልስ አጭር ነው። ደህና የሚሠራ ስልክ ያለው ሰው፣ አዲስ ስልክ በወጣበት ሰሞን ገበያ መውጣት የለበትም። ስልኩ የከዳው ሰው ደግሞ ከካሜራውና ከቀለሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ አምራቹ ለዚህ ስልክ የደኅንነት አፕዴት፣ ማለትም ለሌባ በር የሚከፍት ክፍተትን የሚደፍን ማሻሻያ፣ የሚልከው እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? መገናኛና ቦሌ አካባቢ ባሉት የሞባይል መደብሮች ስለ ራሙ፣ ስለ ሜሞሪው፣ ስለ ሜጋፒክስሉ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ስለመሆኑ ሲጠየቅ ይውላል። ይህንን ጥያቄ የሚያነሳ ገዢ ግን እምብዛም አያጋጥምም፤ ሻጩም መልሱን አዘጋጅቶ አይጠብቅም።

ዋጋውን እንየው። አይፎን 17 አሜሪካ ውስጥ ከ799 ዶላር ይጀምራል። ዶላሩን በ140 ብር ብቻ ብናሰላው ወደ 112 ሺህ ብር ይጠጋል፤ የነጋዴው ትርፍና ስልኩን እዚህ ለማድረስ የወጣው ወጪ ገና አልተጨመረም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር ሰው የተቆረጠው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሥራ የጀመረች ወጣት ግብር ሳይቆረጥባት፣ ቤት ኪራይ ሳትከፍል፣ ምሳ ሳትበላ የአሥር ወር ደመወዟን ብታስቀምጥ እንኳ ያገኘችውን በሙሉ ለአንድ ስልክ ታስረክባለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ፣ አዲስ በመሆኑ ብቻ ሊገዛ አይገባም።

እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ መከራከሪያ አለ፤ አመክንዮ ስላለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብር ዋጋ እያጣ ስለሆነ ገንዘብ ባንክ ከማስቀመጥ ስልክ ገዝቶ መያዝ ይሻላል ይባላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያኔ ዕቃ በእጁ የነበረው ሰው እንደተጠቀመ አልክድም። ሆኖም የተለወጠው የብር ዋጋ እንጂ የስልኩ ዋጋ አልነበረም። ስልክ በዶላር ሲመዘን በየጊዜው የሚወርድ ዕቃ ነው። አይፎን 17 በተዋወቀበት ቀን አይፎን 16 ከ799 ወደ 699 ዶላር ወርዷል። አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ የመጀመሪያ ዋጋቸውን ይዘው የሚቆዩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ባትሪው ይደክማል። ጥሪት ማስቀመጫ አድርጎ መያዝ አያዋጣም። ይኸው የዋጋ መውረድ በሌላ በኩል ሲታይ ለገዢ የሚጠቅም ነገር ይነግረናል፤ አዲስ ስልክ የሚወጣበት ቀን ያለፈውን ዓመት ስልክ ለመግዛት ጥሩ ቀን ነው። በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጠው ካላዩት በስተቀር የማይታወቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ስልካችን የመደወያ ዕቃ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ የባንኮች መተግበሪያዎችም እዚያው ናቸው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚመጣው በዚያው ስልክ ነው። አምራቹ አፕዴት መላክ ያቆመበት ስልክ ላይ አዲስ ክፍተት ሲገኝ የሚደፍነው የለም። ስለዚህ የአፕዴት ዕድሜ ለቴክኖሎጂ ወዳጆች ብቻ የሚተው ዝርዝር ሊሆን አይችልም። የቁጠባችንን ደኅንነት የሚነካ ጉዳይ ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የገበያው ደረጃ ይገለባበጣል። ጉግል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ላወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ በጥር 2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ሳምሰንግ ዋጋው ዝቅ ላለው ጋላክሲ ኤ16 እንኳ የስድስት ዓመት ቃል ሰጥቷል፤ ይህ ለእኛ ገበያ ከማንኛውም የካሜራ ዜና የሚበልጥ ዜና ነበር፤ ሆኖም ያወራለት ሰው አልነበረም። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን ምርቶች ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገር መገጣጠሚያ አቁሟል፤ የአማርኛ ፊደል በስልክ መጻፍ ለብዙ ሰው ቀላል እንዲሆን በማድረጉም ሊመሰገን ይገባዋል። በዝቅተኛ ዋጋ በሚሸጡት ሞዴሎች ላይ የሚሰጠው የአፕዴት ጊዜ ግን ከላይ ከጠቀስኩት በእጅጉ ያጠረ ነው። በርካሽ የተገዛ ስልክ በሁለተኛው ዓመት ያለ ጠባቂ ከቀረና በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መለወጥ ካስፈለገው፣ ርካሽነቱ የታለ?

በወጣበት ሰሞን የመግዛትን አደጋ ለማስታወስ አንድ ታሪክ ይበቃል። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2016 ለገበያ አቀረበ። ባትሪው እየጋለ እሳት በማስነሳቱ ኩባንያው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉ ስልኮችን ለመሰብሰብ ተገደደ፤ የተተኩትም በመቃጠላቸው በጥቅምት ወር ምርቱን ጨርሶ አቆመ። አውሮፓና አሜሪካ የገዛው ሰው ገንዘቡ ተመለሰለት። በሰው ሻንጣ መጥቶ፣ ያለ ደረሰኝ በእጁ የገባለት የአዲስ አበባ ገዢ ለማን አቤት ይላል?

ሻንጣውን ካነሳሁ አይቀር እዚያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። ውድ ስልኮች ወደ እኛ የሚመጡት በአብዛኛው ከዱባይ፣ ከሪያድ፣ ከዋሽንግተንና ከሜኔሶታ ነው። ዘመድ በቅንነት ይዞ ይመጣል። ነገር ግን አሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። አይፎን 17 ሲመጣ ይኸው ነገር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ኦማንና ባሕሬን ተሻገረ። በእነዚህ አገሮች የተገዛውን አይፎን 17 ጎኑን ቢያገላብጡት የሲም ቀዳዳ አያገኙም፤ የሚሠራው በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን መስመር ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምንና ሳፋሪኮምን በሁለት ካርድ ጎን ለጎን ለለመደ ሰው፣ ወይም ክፍለ ሀገር ሆኖ መስመሩን ለማስቀየር ረጅም መንገድ መሄድ ለሚጠበቅበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስልኩ ከመገዛቱ በፊት የራስን መስመር ወደ ኢሲም ማስቀየር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከአሜሪካ በሚመጣው ላይ ያይላል። እዚያ ብዙ ሰው ስልክ የሚወስደው ከቴሌኮም ኩባንያው ላይ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ነው፤ ዕዳው እስኪያልቅም ስልኩ ለዚያ ኩባንያ ብቻ ተቆልፎ ይቆያል። እዚህ ደርሶ የእኛ ሲም ሲገባበት አይቀበልም። ይህንን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ጀነራል፣ ከዚያም አባውት የሚለውን ከፍቶ ወደ ታች መውረድ ነው። ካሪየር ሎክ ከሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ጽሑፍ ካለ ስልኩ ክፍት ነው። ሌላ ነገር ከተጻፈ ገንዘቡ አይከፈል። እዚያው ገጽ ላይ ከአይፎን 12 ጀምሮ ባሉት ስልኮች ስክሪኑና ባትሪው ተለውጠው እንደሆነ፣ የተተካውም ዕቃ ከፋብሪካው የመጣ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ይህችን ገጽ ሻጩ ፊት ሳይከፍት እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት የለበትም። የቀድሞው ባለቤት የአፕል መለያውን ካላጠፋው ደግሞ ስልኩ ለአዲሱ ባለቤት ተዘግቶ ይቀራል። ይህ በስልክ ተደዋውሎ የሚፈታ ነገር አይምሰለን፤ የቀድሞው ባለቤት ላይገኝም ይችላል።

ስልኬ ስለዘገየብኝ አዲስ ልግዛ ለሚለው ሰውም የምለው አለኝ። አፕል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ሆን ብሎ እንደሚያዘገያቸው አመነ። ቁጣው ሲበረታበት የባትሪ መለወጫ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ብዙ ሰው ባትሪውን ብቻ ለወጠ፤ ስልኩም እንደገና ፈጠነለት። በጥር 2019 የኩባንያው ኃላፊ ቲም ኩክ ለባለሀብቶች በጻፈው ደብዳቤ ሽያጭ ከተጠበቀው በታች የሆነበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ በርካሽ የተለወጠውን ባትሪ አንዱ አድርጎ ጠቀሰው። ሻጩ ራሱ የመሰከረው ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈልገው አዲስ ስልክ ሳይሆን አዲስ ባትሪ ነው። ችግሩ እዚህ ገበያ ላይ «ኦሪጅናል» የሚባለው ባትሪ ሁሉ ኦሪጅናል አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጠጋኝ ሲመረጥ ዋጋ ከማወዳደር ይልቅ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲጠየቅ በቦታው የሚገኝ፣ ለሥራው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መፈለግ ይሻላል።

በማስታወቂያ ጎልተው የሚታዩት አዳዲስ አገልግሎቶች ለእኛ ምን ያህል ይሠራሉ? የአፕል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም፤ የሳምሰንግ የስልክ ጥሪ ትርጉምም አማርኛን አያውቅም። በሳተላይት የድረሱልኝ ጥሪ ማድረግ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፤ በአፕል ፔይ መክፈልም እንደዚሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ዋጋው ውስጥ ተቆጥረው እኛም እንከፍልባቸዋለን።

መግዛት ያለበት ሰው የለም እያልኩ አይደለም። በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ የሚተዳደር፣ የሠርግና የምርቃት ፎቶ የሚያነሳ፣ ሱቁን በቴሌግራም ከፍቶ ዕቃውን በስልኩ ፎቶ የሚሸጥ ሰው የተሻለ ካሜራ ገቢ ያመጣለታል፤ ይግዛ። ስልኩ አፕዴት ካቆመ የቆየ ሰውም መቆየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፎን 6 ላይ በ2025 ዋትሳፕ መሥራት ሲያቆም፣ ዓረብ አገር ካለ ልጃቸው ጋር የሚገናኙበት መንገድ የተዘጋባቸው እናት አዲስ ስልክ ያስፈልጋቸዋል። እሳቸው ግን አይፎን 17 አያስፈልጋቸውም፤ ረጅም የአፕዴት ዘመን የቀረው መካከለኛ ስልክ ይበቃቸዋል። ውጭ ያለው ልጅም በዚያው የአንድ አይፎን ገንዘብ ለእናቱም ለእህቱም ደህና ስልክ ገዝቶ የሚተርፈው ገንዘብ ይኖረዋል።

ገዢው ይጠይቅ ስል ሸክሙን ሁሉ ገዢው ላይ መጣሌ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው ላይ የሚውል አዲስ ስልክ፣ ሽያጩ ከቆመ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት አፕዴት እንዲያገኝ፣ ባትሪውም 800 ጊዜ ተሞልቶ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ በሕግ አስገድዷል። የአገልግሎት ዘመኑና ለጥገና ያለው ምቹነትም በመለያ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ገዢው እንዲያየው ይደረጋል። የእኛ ገበያ ትንሽ ስለሆነ አምራቾችን ማስገደድ አንችልም ይባል ይሆናል። ማሳወቅን ማስገደድ ግን እንችላለን። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገቡ የቴሌኮም መሣሪያዎችን የመፈተሽና የመፍቀድ ሥልጣን አለው። በሕጋዊ መንገድ የሚገባ ወይም እዚህ የሚገጣጠም ማንኛውም ስልክ ካርቶኑ ላይ በአማርኛና በሌሎቹም የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች «የደኅንነት አፕዴት የሚያገኘው እስከዚህ ዓመት ነው» የሚል አንድ መስመር እንዲጻፍበት ቢያዝ ኩባንያዎቹን የሚያስወጣቸው የቀለም ዋጋ ብቻ ነው። ባለሥልጣኑ ይህንን መመሪያ ያውጣ፤ አስመጪዎችም ሳይታዘዙ ቢጀምሩት ገዢው የትኛውን ሱቅ እንደሚመርጥ ያውቃል።